ጠይም ፊትና የዋርካ ቅጠል በጥቁርና ነጭ አንድ ግራጫ እየሆኑ ነው፤ ምን ይደረግ?

ሐይቅ ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅና አሞራ ገደል ጠዋት ላይ የተነሱ የቀለም ፎቶዎችን ወደ ጥቁርና ነጭ እየቀየርኩ ነው። ከፊሎቹ ሮው (ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ፋይል)፣ ከፊሎቹ ጄፔግ ብቻ ናቸው፤ ካሜራው 24 ሜጋፒክስል። የምሠራው በፎቶሾፕ ሲሆን እስካሁን ስጠቀም የነበረው «ዲሳቹሬት» በሚለው ቀለም ማጥፊያ ትእዛዝ ነው። ያልተፈቱልኝ ነገሮች እነዚህ ናቸው።

ነጠላ የለበሱ ጠይም እናት ዋርካ ሥር ቆመዋል። በቀለም ሲታይ ፊታቸው ከቅጠሉ ጥርት ብሎ ይለያል፤ ቀለሙ ሲጠፋ ግን ፊትና ቅጠል ይዋሃዳሉ። ኮንትራስት ስጨምር ሁለቱም አብረው ይጨልማሉ፣ ነጠላው ደግሞ ዝርዝሩ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል። የነጠላው ጥለት ቀይና አረንጓዴ ነው፤ እሱም ከተቀየረ በኋላ የትኛው ቀይ የትኛው አረንጓዴ እንደነበር አይለይም።

በሌላ ፎቶ ላይ ጀልባና ዓሣ አጥማጅ አሉ። ሰማዩን ለማጨለም «ብላክ ኤንድ ዋይት» ውስጥ ሰማያዊውን ወደ −100 ሳወርደው ሰማዩ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ በሰውየውና በጀልባው ዙሪያም ነጭ መስመር ይወጣል።

በመጨረሻም ፎቶዎቹ 30 በ40 ሳንቲ ሜትር ታጥበው ግድግዳ ላይ ሊሰቀሉ ነው። ለሙከራ የታጠበው ግን ወደ አረንጓዴ ያደላል፤ ስክሪን ላይ ንጹሕ ግራጫ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ግራጫ ካርድ፦

ወንድሜ፣ የፊቱና የጥለቱ ችግር ምንጩ አንድ ነው፤ ዲሳቹሬት ራሱ። ይህ ትእዛዝ ለእያንዳንዱ ፒክስል ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ቁጥሮች (0 ጨለማ፣ 255 ሙሉ ብርሃን) ትልቁንና ትንሹን ብቻ ወስዶ አማካያቸውን ይሰጣል። መካከለኛውን ቁጥር ከነጭራሹ አያየውም። ዓይናችን አረንጓዴን ከሰማያዊ ይልቅ አድምቆ እንደሚያይም አይቆጥርም።

በቁጥር እንየው። «ኢንፎ» የሚለውን ፓነል ክፈትና ማውሱን ፊቱ ላይ አድርግ። ቀይ 130፣ አረንጓዴ 85፣ ሰማያዊ 60 ብታገኝ ዲሳቹሬት የሚሰጥህ 95 ነው። ፀሐይ የነካው ቅጠል ቀይ 110፣ አረንጓዴ 125፣ ሰማያዊ 65 ቢሆን እሱም 95 ይወጣል። ሁለቱ አንዴ እኩል ከሆኑ በኋላ ኮንትራስት ብትጨምር፣ ከርቭ (የብርሃን ማስተካከያ መስመር) ብትጎትት፣ የፈለግኸውን ብታደርግ አይለያዩም፤ ለሶፍትዌሩ አንድ ቁጥር ናቸውና። ጥለቱም እንደዚሁ ነው። 200፣ 40፣ 40 የሆነ ቀይ እና 40፣ 200፣ 40 የሆነ አረንጓዴ ሁለቱም 120 ይሆናሉ።

«ሞድ» ውስጥ ገብተህ «ግሬይስኬል» ብትለውስ? ለጥለቱ ይሻላል፣ ለፊቱ ይብሳል። የዚህ ስሌት ወደ 30 ከመቶ ቀይ፣ 59 ከመቶ አረንጓዴ፣ 11 ከመቶ ሰማያዊ ይጠጋል። በዚህ ሚዛን ቀዩ ጥለት 88፣ አረንጓዴው 134 ገደማ ይሆናሉ፤ ይለያሉ። ፊቱ ግን 96፣ ቅጠሉ 114 ይሆንና ቅጠሉ ከፊት ይደምቃል። ተመልካች መጀመሪያ የሚያየው ዋርካውን ይሆናል ማለት ነው። በዚያ ላይ ፋይሉ ቀለሙን ጥሎ ስለሚቀመጥ መመለሻ የለህም።

ስለዚህ ከታች ያለውን የቀለም ፎቶ ሳትነካ ከ«ሌየር» ሜኑ «ኒው አድጀስትመንት ሌየር» (ፎቶው ላይ የሚደረብ ማስተካከያ)፣ ቀጥሎ «ብላክ ኤንድ ዋይት» በል። ስድስት ስላይደሮች (የሚጎተቱ መቆጣጠሪያዎች) ይመጣሉ። ሲከፈቱ ቀይ 40፣ ቢጫ 60፣ አረንጓዴ 40፣ ሳያን (ውሃ ሰማያዊ) 60፣ ሰማያዊ 20፣ ማጀንታ (ደማቅ ሮዝ) 80 ላይ ናቸው። በዚህ መነሻ ፊቱ ወደ 93፣ ቅጠሉ ወደ 98 ይጠጋል፤ አሁንም አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። ቀዩን ወደ 90 አውጣው፣ ቢጫውን ወደ 30፣ አረንጓዴውን ወደ 20 አውርድ። ፊቱ ወደ 108 ይወጣል፣ ቅጠሉ ወደ 82 ይወርዳል። ይህ ልዩነት በዓይን በደንብ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ከርቭ ብትጨምር ይሰፋል።

ቅጠልን ሲያስቡ ብዙዎች አረንጓዴውን ስላይደር ይጎትቱና «ምንም አልሆነም» ይላሉ። ፀሐይ ያረፈበት ቅጠል ለሶፍትዌሩ ከአረንጓዴ ይልቅ ወደ ቢጫ የቀረበ ነው፤ ከላይ ባለው ምሳሌ ቀዩና አረንጓዴው ቁጥር ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ተመልከት። ጠይም ፊት ደግሞ ከቀይ ወደ ቢጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፣ ግን ወደ ቀዩ የቀረበ። የትኛው ስላይደር የትኛውን እንደሚነካ መገመት ካልፈለግህ በፓነሉ ላይ ያለውን የእጅ ምልክት ተጫንና ፎቶው ላይ ቅጠሉን ይዘህ ማውሱን ወደ ግራ ጎትት። ራሱ ትክክለኛውን ስላይደር ያገኛል።

ነጠላው በዚህ ሁሉ አይነቃነቅም። ቀለም የሌለው ነጭ ወይም ግራጫ በእነዚህ ስላይደሮች አይለወጥም፤ የሚለወጠው ቀለም ያለው ብቻ ነው። ኮንትራስት ስትጨምር ባዶ ነጭ የሆነብህም ፊቱን ለመለየት ብለህ የፎቶውን ሁሉ ብርሃን ስለጎተትህ ነው።

አሁን ጥለቱ ቀረ። ቀዩን 90 ስታደርገው ቀዩ ጥለትም አብሮ ይነጣና ነጠላው ላይ ይጠፋል። እዚህ ላይ ሁለተኛ «ብላክ ኤንድ ዋይት» ከላይ መደረብ የሚመጣ ሐሳብ ነው፤ አይሠራም። የታችኛው ቀለሙን ጨርሶ ስለገደለው የላይኛው የሚደርሰው ግራጫ ብቻ ነው። የሚሠራው ከሥሩ መግባት ነው። ከብላክ ኤንድ ዋይቱ ሌየር በታች «ሂው ሳቹሬሽን» ጨምር፣ ከዝርዝሩ «ሬድስ» ምረጥ፣ «ላይትነስ» ወደ −40 አውርድ። ከዚያ ማስኩን (ለውጡ የት እንደሚታይ የሚወስነውን ሽፋን) ጥቁር አድርገህ ጥለቱ ላይ ብቻ በነጭ ብሩሽ ቀባ። ቀዩ ጥለት ይጨልማል፣ አረንጓዴው ባለበት ይቆያል፣ ፊቱ አይነካም።

ታቦር ግርጌ፦

ግራጫ ካርድ የጻፈው ልክ ነው፤ እኔ ግን ሮው ያላቸውን ፎቶዎች ፎቶሾፕ ሳይደርሱ ካሜራ ሮው ወይም ላይትሩም (የሮው ፋይል ማስተካከያዎች) ውስጥ ብትቀይራቸው እመርጣለሁ። ምክንያቴ አንድ ነው፤ ብርቱካናማ። የፎቶሾፑ ስድስት ስላይደር ከቀይ ቀጥሎ ያለው ቢጫ ነው። የላይትሩሙ ግን ስምንት ነው፤ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ አኳ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊና ማጀንታ። የእኛ ሰው የፊት ቀለም አብዛኛው የሚወድቀው ብርቱካናማው ላይ ነው።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ቀዩን ብቻ ከፍ ካደረግህ ከንፈር ከፊት ጋር ይነጣል። ቀይ ሊፕስቲክ ካለ ጭራሽ ከፊቱ የነጣ ከንፈር ታገኛለህ፤ የሠርግ ፎቶ ላይ በጣም ያስጠላል። በላይትሩም ብርቱካናማውን ከ+20 እስከ +35 አውጥተህ ቀዩን ዜሮ ወይም −10 ላይ ብትተወው ፊቱ ይበራል፣ ከንፈሩ ቅርጹን ይዞ ይቀራል፣ ቀዩ ጥለትም ሳይነጣ ይተርፋል። ቢጫውን −30፣ አረንጓዴውን −20 ብትለው ዋርካው ወደ ኋላ ይሄድልሃል። የጉንጭ ቆዳ ላይ ጉድፍ ካለ ብርቱካናማው ከፍ ሲል ይደበዝዛል፤ የሽማግሌ ፊት መሥመሩ ጎልቶ እንዲታይ ከተፈለገ ግን በተቃራኒው ትንሽ ዝቅ ይደረጋል።

ስላይደሮቹን ከመንካትህ በፊት ግን ዋይት ባላንሱን (ነጩ ነጭ እንዲሆን የሚያደርገውን የቀለም ሚዛን) አስተካክል። ብዙ ሰው «ጥቁርና ነጭ ስለሆነ አያስፈልግም» ይላል። ዋይት ባላንሱ ከተዛባ ነጠላው ቀለም ይይዛል፤ ቀለም ከያዘ ደግሞ በስላይደሮቹ ይነቃነቃል። ቴምፕሬቸሩን ወደ ሙቅ ስትገፋው ሁሉም ወደ ብርቱካናማ ይሄድና ፊትና ዋርካ መልሰው ይቀራረባሉ።

አሁን ወደ ሰማዩ ልምጣ። አሸዋ የመሰለው ነገር የመጣው ሰማያዊውን ስላይደር አብዝተህ ስላወረድህ ነው። ስላይደሩ የሚሠራው በቀለም ልዩነት ላይ ነው፤ የሰማዩ ፒክስሎች በዓይን አንድ ቢመስሉም በእያንዳንዳቸው ትንሽ የቀለም ኖይዝ (ዝብርቅርቅ ነጠብጣብ) አለ። አንዱ ትንሽ ሰማያዊ፣ ጎረቤቱ ትንሽ ግራጫ ነው። ሰማያዊውን −100 ስትለው ሰማያዊው በኃይል ይጨልማል፣ ግራጫው ይቀራል፤ በዓይን የማይታየው የቀለም ልዩነት የብርሃን ልዩነት ይሆናል። ጄፔግ ላይ ደግሞ ይብሳል። ብዙ ካሜራዎች ጄፔግ ሲጽፉ የቀለሙን መረጃ ከብርሃኑ ባነሰ ጥራት ነው የሚያስቀምጡት። ስለዚህ የቀለሙ ድንበር ከዕቃው ድንበር ጋር በትክክል አይገጥምም። ነጩ መስመር የሚወጣው እዚያ ላይ ነው፤ በጠርዙ ላይ ያሉት ፒክስሎች ሰማይና ቆዳ ተቀላቅለውባቸው ሰማያዊነታቸው ስለደበዘዘ ከሰማዩ ጋር አብረው አይጨልሙም። ሌንሱ ራሱ በጠርዝ ላይ የቀለም ሽርፍራፊ የሚተው ከሆነም መስመሩ ይወፍራል።

በሮው የምትሠራ ከሆነ በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ። መጀመሪያ የሌንሱን የቀለም ሽርፍራፊ የሚያጠፋው «ሪሙቭ ክሮማቲክ አቤሬሽን» ላይ ምልክት አድርግ። ቀጥሎ «ከለር ኖይዝ ሪዳክሽን» ሲከፈት 25 ላይ ያለውን ወደ 45 ወይም 50 አውጣ። ሰማያዊውን ከ−30 በታች አታውርደው። ከዚያ በላይ ጨለማ ከፈለግህ «ሰሌክት ስካይ» በሚለው ማስክ ሰማዩን ለብቻ ያዝና ኤክስፖዠሩን ከ−0.5 እስከ −1 አውርድ። ይህ የሚሠራው በብርሃን ላይ እንጂ በቀለም ላይ ስላልሆነ ኖይዙን አያወጣም። ጄፔግ ብቻ ላለው ፎቶ ሰማያዊውን −15 ላይ አቁምና የቀረውን በማስክ ጨርስ። ፎቶሾፕ ውስጥ ከሆንክም መጀመሪያ ብዙ የብርሃን ደረጃ የሚይዘው «16 ቢት» አድርገው፤ 8 ቢት ላይ ሰማይን ስትዘረጋ ደረጃ ደረጃ እየሠራ መስመር ያወጣል። ጄፔግን ወደ 16 ቢት መቀየር የሌለ መረጃ አይፈጥርም፣ ግን ከዚያ በኋላ የምትሠራው እንዳይሸራረፍ ያደርጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሐዋሳ ከተማ ያለችው በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳር ነው። ጠዋት ፀሐይዋን ከጀርባህ አድርገህ ወደ ሐይቁ ስታነሳ ሰማዩ ሰማያዊ ስለሆነ ስላይደሩ የሚይዘው ነገር አለው። ከሰዓት በኋላ ግን ወደ ሐይቁ ስትዞር ፀሐይዋ ፊት ለፊት ናት፤ በዙሪያዋ ያለው ሰማይ ነጭ ነው፣ ቀለም የለውም። እዚያ ላይ ሰማያዊውን ስላይደር እስከ መጨረሻው ብትጎትተው ከላይ ያለው ጥግ ብቻ ይጨልምና ፎቶው የቆሸሸ ይመስላል።

ሐይቅ ዳር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። ፊቱ ተለይቶልኛል፣ ጥለቱም ወጥቷል። ሁለት ነገር ቀረ። ሰማያዊውን ዝቅ ባደረግሁባቸው ፎቶዎች ላይ የነጠላው እጥፋቶች ጠቁረው የታጠበ አልመስል አሉ፤ ነጠላ በስላይደሮቹ አይነቃነቅም ተብሎ አልነበር? አሞራ ገደል ላይ የተነሳው አባ ኮዳ ደግሞ የትኛውንም ስላይደር ብነካ ክንፉ አይለወጥም።

ግራጫ ካርድ፦

አይነቃነቅም ያልኩት ነጭ እስከሆነ ድረስ ነው። ጥላ ውስጥ ያለው እጥፋት ነጭ አይደለም። ፀሐይ የደረሰበት የነጠላው ክፍል ብርሃኑን ከፀሐይ ያገኛል፤ እጥፋቱ ግን ከሰማይ ነው የሚያገኘው፤ ሰማዩ ሰማያዊ ስለሆነ እጥፋቱም ሰማያዊ ይሆናል። ዓይን ያርመዋል እንጂ ኢንፎ ፓነሉ ይነግርሃል፤ 150፣ 160፣ 180 የመሰለ ቁጥር ታነባለህ። ሰማዩን ስትቀጣው አብሮ ተቀጣ። መፍትሔው እንደ ጥለቱ ከሥር ነው። ከብላክ ኤንድ ዋይቱ በታች ሂው ሳቹሬሽን አድርግ፣ «ብሉስ» እና «ሳያንስ» ላይ ሳቹሬሽኑን −80 አድርስ፣ ማስኩን ነጠላው ላይ ብቻ ክፈት። ቀለሙ ከእጥፋቱ ሲወጣ ሰማያዊው ስላይደር አያገኘውም።

የአባ ኮዳው ክንፍ ከመነሻው ግራጫ ነው፣ ሆዱም ነጭ። ቀለም የሌለውን በቀለም ስላይደር ማንቀሳቀስ አይቻልም። ለክንፉ ከርቭ ተጠቀም፤ ጨለማው ሩብ ላይ አንድ ነጥብ አስቀምጠህ ትንሽ ወደ ላይ አንሳ፣ ማስኩን ክንፉ ላይ ወስን። የራሱና የአንገቱ ቆዳ ግን ወደ ቀይ ያደላል፤ ቀዩን ወደ 10 ወይም 0 ብታወርደው የቆዳው ሽብሽብና ጠባሳ ሁሉ ይወጣል። ለእናትየው ፊት ከምታደርገው ተቃራኒው ነው፤ ስለዚህ የአንዱን ፎቶ ቅንብር ኮፒ አድርገህ ሌላው ላይ አትለጥፍ።

ፊልተሩ ሁሉ፦

ፎቶሾፕ ለሌላችሁ ልጨምር። ጊምፕ ነፃ ነው፣ ለዚህ ሥራ ምንም አይጎድለውም። ከ«ከለርስ» ሜኑ «ዲሳቹሬት» ውስጥ ስትገቡ ብዙ ምርጫ አለ። የመጀመሪያው «ዲሳቹሬት» ራሱ «ሉሚናንስ»፣ «ሉማ»፣ «ላይትነስ»፣ «አቬሬጅ» እና «ቫልዩ» የሚሉ ስሌቶችን ያስመርጣል። ላይትነስ የሚለው ከላይ የተወቀሰው ስሌት ነው። ሉሚናንስ ለመነሻ ይሻላል። ቫልዩ ከሦስቱ ቁጥሮች ትልቁን ብቻ ስለሚወስድ ቀለም ያለው ሁሉ ይነጣል፤ ለሰው ፎቶ አይሆንም።

የምትፈልጉት ግን እዚያው ያለው «ሞኖ ሚክሰር» ነው። ሦስት ስላይደር ብቻ አለው። ለጠይም ፊትና ለአረንጓዴ ዳራ ቀይ 1.2፣ አረንጓዴ −0.2፣ ሰማያዊ 0 ብላችሁ ጀምሩ። ድምሩ 1 መሆኑን ጠብቁ፤ ድምሩ 1 ከሆነ ነጩ ነጠላ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ከበለጠ ዝርዝሩ ይጠፋል፣ ካነሰ ይጨልማል። «ፕሪዘርቭ ሉሚናንስ» ላይ ምልክት ካደረጋችሁ ድምሩን እሱ ያስተካክላል። አሉታዊ ቁጥር በገባ ቁጥር ኖይዝ እንደሚጨምር ግን አትርሱ። በሌሊት ወይም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በአምፖልና በሻማ ብርሃን የተነሳ ፎቶ ላይ ሰማያዊውን ቻናል ዜሮ አድርጉት፤ በዚያ ብርሃን ውስጥ ሰማያዊ በጣም ጥቂት ስለሆነ ቻናሉ ይዞ የሚመጣው በአብዛኛው ኖይዝ ነው። ቀይና አረንጓዴ ብቻ ስትቀላቅሉ ፎቶው ወዲያው ይጠራል።

በጊምፕ 2.10 ይህ ለውጥ ሌየሩን ራሱን ስለሚለውጥ አስቀድማችሁ «ዱፕሊኬት ሌየር» በሉ። በ2025 የወጣው 3.0 ላይ ግን ፊልተሩ ሌየሩን ራሱን ሳይለውጥ ከላዩ ይቀመጣል፣ በኋላም ተመልሳችሁ ቁጥሩን መቀየር ትችላላችሁ። ሮው ለመክፈት ዳርክቴብል ወይም ሮው ቴራፒ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው።

በስልክ ከሆነ ስናፕሲድ። «ብላክ ኤንድ ዋይት» ውስጥ ያለችውን የቀለም ክብ ተጫኑ፤ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ፊልተር ይመጣል። ለፊት ብርቱካናማ፣ ለሰማይና ደመና ቀይ። ሰማያዊውን ለጠይም ሰው ፊት አትጠቀሙ፤ ያጠቁረዋል፣ ያቆስለዋልም። ፊቱ አንድ ፊልተር፣ ሰማዩ ሌላ ፊልተር ካስፈለገው «ቪው ኤዲትስ» ውስጥ ገብታችሁ ለውጡን በጣት እየቀባችሁ በአንድ ቦታ ብቻ ማሳየት ይቻላል። ለየቀለሙ ስላይደር ግን የለውም፤ ልኩን እንደ ካሜራ ሮው መቆጣጠር አትጠብቁ።

ቀስተኛ፦

ካሜራውን ራሱ «ሞኖክሮም» ላይ አድርጎ ማንሳት አይቀልም? ይህ ሁሉ ድካም ለምን?

ታቦር ግርጌ፦

ጄፔግ ብቻ የምታነሳ ከሆነ አታድርገው፤ ቀለሙ ካሜራው ውስጥ ይጠፋል፣ ከላይ የተወራው ሁሉ በሩ ይዘጋል። ሮውና ጄፔግ አንድ ላይ የምትይዝ ከሆነ ግን ጥሩ ነው። ስክሪኑ በጥቁርና ነጭ ያሳይሃል፣ ሮው ፋይሉ ውስጥ ቀለሙ እንዳለ ይቀራል። ፊትና ዳራው ገና ሲነሳ እንደተዋሃዱ ካየህ ሰውየውን ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ማቆም ከሁሉም ስላይደር ይበልጣል። ሂስቶግራሙን (የብርሃን ስርጭት ግራፉን) በሦስቱ ቀለማት ለየብቻ የሚያሳየው ላይ አድርገው፤ ምሽት ላይ ጠይም ፊት ላይ ቀዩ ቻናል ከሌሎቹ ቀድሞ ይሞላል፣ ነጩ ሂስቶግራም ግን ደህና ነው ይልሃል።

እግረ መንገዴን፤ ሁሉን ጥቁርና ነጭ አድርጎ የሙሽራዋን አበባ ብቻ ቀይ መተው ይቅር። አልበም ሁሉ እሱን ሆኗል።

ማተሚያ፦

ስለ አረንጓዴው ልመልስ። ብዙ ፎቶ ቤት ጥቁርና ነጩንም የሚያጥበው በቀለም ወረቀት ላይ ነው። ግራጫው የሚሠራው ከሦስት ቀለሞች ቅልቅል ስለሆነ ማሽኑ ትንሽ ቢዛባ በቀለም ፎቶ ላይ የማይታየው ጥፋት በግራጫ ላይ ቁልጭ ይላል። ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ማጀንታ ያደላል። በኢንክጄት የሚታተም ከሆነም ከአምፖል ሥርና ከደጅ ብርሃን ግራጫው ሁለት ዓይነት ሊመስል ይችላል።

የምትሰጣቸው ፋይል አርጂቢ (ሦስቱም ቀለማት ያሉት) ይሁን፣ ፕሮፋይሉ (የቀለም መለኪያው) ኤስአርጂቢ። «ግሬይስኬል» ሆኖ የተቀመጠ ፋይል አንዳንዱ ማሽን አይከፍተውም፣ አንዳንዱ ከፍቶ ያጨልመዋል። ሲታጠብ አውቶማቲክ ማስተካከያው እንዲጠፋ በቃል ጠይቅ፤ ካልጠፋ ማሽኑ ያጨለምከውን ሰማይ «ጨልሟል» ብሎ ያበራዋል።

ከዚያ የግራጫ መሰላል ሥራ። ከ0 እስከ 255 በ15 በ15 እየዘለለ የሚሄድ የካሬዎች ረድፍ፣ በ10 በ15 ወረቀት ላይ። ከትልቁ ፎቶ በፊት እሱን አሳጥብ። ጥቁሩ ጫፍ ላይ ስንት ካሬ እንደተዋሃደ ታያለህ፤ 0 እና 15 አንድ ከሆኑ ለዚያ ወረቀት ጥቁርህን ከ12 አካባቢ አስጀምረው። ለዚህ «ሌቭልስ» ውስጥ ከታች ያለውን «አውትፑት» 12 እና 246 አድርግ። ነጩን 246 ላይ ማቆሙ ለነጠላው ነው፤ 255 ከሆነ ወረቀቱ ባዶ ይቀራል፣ የጨርቁ ድርና ማግ አይታይም። ማት ወረቀት ጥቁሩ ከአንጸባራቂው ስለሚደክም ቁጥሩን ለየወረቀቱ አውጣ።

መሰላሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አረንጓዴ ከሆነ «ከለር ባላንስ» ውስጥ ሚድቶኑ (መካከለኛው ብርሃን) ላይ ማጀንታ ወደሚለው 3 ወይም 4 ግፋና ድገም። መሃሉ አረንጓዴ፣ ጥላው ማጀንታ ከሆነ ግን አታሳድደው፤ ማሽኑ ራሱ ካሊብሬት መደረግ አለበት። በዚያን ጊዜ ሌላ ፎቶ ቤት መሄድ ወይም ሆን ብሎ ማሞቅ ነው። ከለር ባላንስ ላይ ቀይ +4፣ ቢጫ −6 ብትል ፎቶው ወደ ቡኒ ትንሽ ያዘነብላል፣ የማሽኑ መዛባትም አይታወቅም። ንጹሕ ግራጫ የሚሻ ዓይን እንጂ ሞቅ ያለውን ማንም አይከስሰውም።

መጠኑንም አስብበት። የ24 ሜጋፒክስል ካሜራ 6000 በ4000 ያወጣል፤ ይህ የ3 ለ2 ቅርጽ ነው። 30 በ40 ግን የ4 ለ3 ነው። ስለዚህ ከረጅሙ ጎን ወደ 670 ፒክስል ይቆረጣል። ጀልባው ጫፍ ላይ ከሆነ አፍንጫው ይሄዳል። ወይ ራስህ ቆርጠህ ስጥ፣ ወይ 30 በ45 አሳጥብ፤ እሱ ሳይቆረጥ ይገባል። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ለ30 በ40 የሚያስፈልግህ 4724 በ3543 ስለሆነ ጥራቱ አይቸግርህም።

ሐይቅ ዳር፦

ሻርፕ የማደርገው መቼ ነው? ግሬን (ፊልም መሰል ደቃቅ ነጠብጣብ) መጨመርስ ያስፈልጋል ወይ?

ማተሚያ፦

ሻርፕ መጠኑ ከተስተካከለ በኋላ፣ መጨረሻ ላይ። «አንሻርፕ ማስክ» 80 ከመቶ፣ ራዲየስ 1፣ ትሬሾልድ 3 ለፊት ይበቃል፤ ለአባ ኮዳው 120 ድረስ ሂድ። ሰማዩን በማስክ አስወጣው።

ግሬን የግድ አይደለም፤ ግን ሰማዩ ላይ ደረጃ የመሰለ መስመር ከቀረ ይሸፍነዋል። «አድ ኖይዝ» 2 ወይም 3 ከመቶ፣ «ጋውሺያን»፣ «ሞኖክሮማቲክ» ላይ ምልክት አድርግ። ሞኖክሮማቲኩን ካልነካህ ባለ ቀለም ኖይዝ ይጨምርና ጥቁርና ነጭህ ላይ ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ ይታተማል። ስክሪኑ ላይ በ100 ከመቶ ስታየው የበዛ ይመስላል፤ 30 በ40 ላይ ግን በደንብ ቀርቦ ላላየው አይታወቅም። የመጨረሻውን በጄፔግ 11 ወይም 12 ጥራት ስጣቸው፤ ሌየሮቹ ያሉበትን ባለ 16 ቢት ፒኤስዲ ግን አንተው ጋ አስቀር፤ ወረቀት በቀየርክ ቁጥር የምትመለሰው ወደ እሱ ነው።